ይህ ፋይል የማን ነው?

ከአራት ኪሎ ተነሥተን በታላቁ ቤተ መንግሥት አጥር ሥር ቁልቁል ስንወርድ ካዛንቺስ እንደርሳለን። በዚያ ሠፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ ስምንት ኮምፒውተሮች የተደረደሩባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ባለቤቱ ከእኛ ዘንድ ፊዚክስ ተምሮ የወጣ ወጣት ሲሆን፣ በሥራ ቀን ጽሑፍ እያተመና ፎቶ ኮፒ እያነሣ ይተዳደርባታል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ተማሪዎች ያለ ክፍያ ይለቃት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የካቲት ወር በአንዱ ቅዳሜ «ዶክተር፣ የአንድ ልጅ ላፕቶፕ እምቢ ብሎናልና ብቅ ቢሉልን» ብሎ ስለ ደወለልን ሄድን።

እምቢ ያለው ላፕቶፕ የአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪያችን ነው። ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሥርጭት ለማደስ ትእዛዝ ሰጥቶ፣ ሥራው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። በስክሪኑ ላይ የቀረው መልእክት ወደ አማርኛ ቢመለስ «ይህን ፋይል ልጽፍ ስል በሌላ ጥቅል ይዞታ ሥር ሆኖ አገኘሁት» እንደ ማለት ነው። ተማሪው መፍትሔውን የሚያውቀው መስሎታል። ጣቶቹን ከቁልፎቹ ላይ ሳያነሣ «ባለፈው እንዳደረግሁት በግድ ልጫነው?» ሲል ጠየቀን። እኛን ያስደነገጠን የስክሪኑ ጽሑፍ ሳይሆን «ባለፈው» የምትለው ቃል ናት። ለምን እንደ ደነገጥን ለማስረዳት ግን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብናል።

በጥብቅ አነጋገር ሊኑክስ የሚባለው፣ ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ ገና ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሥርዓቱ እምብርት ብቻ ነው። ከተጠቃሚው እጅ የሚገባው ይህ እምብርት በሺሕ ከሚቆጠሩ ሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ተሰናድቶ ሲሆን፣ ስንዱውን ስብስብ ዲስትሪቢዩሽን ወይም ሥርጭት ይሉታል። ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 የመሠረተው ዴቢያን፣ ከዴቢያን ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኡቡንቱ፣ እንዲሁም ከሬድ ሃት ቤተሰብ የሆነው ፌዶራ ከታወቁት መካከል ናቸው። ኡቡንቱ ከ2005 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በነጻ በፖስታ ይልካቸው የነበሩትን ሲዲዎች አንጋፋ አንባቢዎቻችን የሚዘነጓቸው አይመስለንም።

በሥርጭቱ ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮግራም ጥቅል ሆኖ ይቀመጣል። ጥቅሉ ፋይሎቹንና ስለ ራሱ የሚመሰክር አንድ መግለጫ ይይዛል፤ መግለጫው የጥቅሉን ስም፣ ሥሪቱን፣ ያለ እነማን ሊሠራ እንደማይችል፣ ከእነማንም ጋር እንደማይስማማ ይዘረዝራል። ጥቅሎችን የሚተክለው መሣሪያ በዴቢያንና በኡቡንቱ ዲፒኬጂ፣ በፌዶራ አርፒኤም ይባላል። ይህ መሣሪያ ከመትከሉ ሌላ አንድ ትልቅ መዝገብ ይጠብቃል፤ ጥቅሎች በማሽኑ ላይ ያኖሯቸው ፋይሎች ሁሉ ከነባለቤታቸው የተጻፉበት መዝገብ ነው። በአንድ ተራ ላፕቶፕ ላይ እንኳ መስመሮቹ በመቶ ሺሕ ሊቆጠሩ ይችላሉ። የመዝገቡ ሕግ ግን አጭር ነው፤ ለአንድ ፋይል አንድ ባለቤት።

ፊዚክስ መምህራን ነንና ይህን ሕግ ባየን ቁጥር ቮልፍጋንግ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1925 ያቀረበው የማግለል መርሕ ትዝ ይለናል። በአንድ አተም ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖች በሁሉም የኳንተም ቁጥሮቻቸው አንድ ዓይነት ሊሆኑ እንደማይችሉ ሁሉ፣ ሁለት ጥቅሎችም በአንድ ማኅደር ውስጥ በአንድ ስም የሚጠራ ፋይል ሊያኖሩ አይችሉም። (አርፒኤም በዚህ ረገድ ለዘብ ይላል፤ ሁለቱ ጥቅሎች ያመጡት ፋይል በይዘቱ ፍጹም አንድ ከሆነ ዝም ብሎ ያሳልፋቸዋል። ፋይሎቹን እንደ ቦዞን ቈጠራቸው ማለት ነው። ዲፒኬጂ ግን የአንድ ጥቅል ለተለያዩ ፕሮሰሰሮች የተሠሩ ቅጂዎች ካልሆኑ በቀር ይዘታቸው አንድ ቢሆንም አይፈቅድም።) ንጽጽሩ የሚፈርሰው ተፈጥሮ «በግድ» የሚል ትእዛዝ ስለማትቀበል ነው። ዲፒኬጂ ይቀበላል።

በግድ ሲጫን ምን ይሆናል? አዲሱ ጥቅል በፋይሉ ላይ ይጽፍበታል። ፋይሉ በመዝገቡ ላይ ከቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ ወደ አዲሱ ይዛወራል። የቀድሞው ጥቅል ግን ከአካሉ አንዱ ተቈርጦም በመዝገቡ «በሚገባ ተተክሏል» እንደ ተባለ ይኖራል። አዲሱ ጥቅል አንድ ቀን ቢነሣ ፋይሉ አብሮት ይሄዳል፤ ለቀድሞው ባለቤት የሚመለስለት ነገር የለም። የቀድሞው ጥቅል ቢታደስ ደግሞ ፋይሉን ሊተክል ወደ ቦታው ይመጣና ያው ጠብ እንደገና ይነሣል። በከተማችን በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ካርታ ወጥቶ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸግረውም። አንደኛው ባለካርታ አጥሩን አፍርሶ ስለ ገባ ክርክሩ አልተዘጋም።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንዲህ ያለ ጠብ ከመነሻው ለምን ይፈጠራል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አንደኛውና በጣም የተለመደው ምክንያት ማንም ያላጠፋበት ነው። አንድ ጥቅል በመጀመሪያ ሥሪቱ አሥር ፋይሎች ይዞ ይወጣል እንበል። ከዓመት በኋላ አዘጋጆቹ ከአሥሩ ሦስቱን ለብቻቸው አውጥተው በአዲስ ጥቅል ያደርጓቸዋል። የመጀመሪያው ጥቅል አሮጌ ሥሪት ባለበት ማሽን ላይ አዲሱ ጥቅል ብቻውን ሲመጣ ሦስቱ ፋይሎች ሁለት ባለቤት ያገኛሉ። ይህ ሊሆን እንደሚችል ስለሚታወቅ፣ የአዲሱ ጥቅል አዘጋጅ በመግለጫው ላይ ሁለት ቃል እንዲጽፍ የዴቢያን ደንብ ያዝዘዋል። አንደኛው «ከዚህ ሥሪት በፊት ያለውን እገሌን እተካለሁ» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ከዚህ ሥሪት በፊት ያለው እገሌ እኔ ባለሁበት በትክክል አይሠራም» የሚል። ሁለቱ ከተጻፉ መሣሪያው አሮጌውን አስቀድሞ ወይም አብሮ ያድሳል፤ ፋይሉም በሕግ ይተላለፋል። ተጠቃሚው ነገሩ መፈጸሙን እንኳ አያውቅም።

ይህ ሥርዓት ግን አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል። ይኸውም ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ፣ ጥቅሎቹም ሁሉ ከአንድ ምንጭና ከአንድ ዘመን የመጡ መሆናቸውን ነው። የእኛ ተማሪ ሶፍትዌር የሚያገኘው እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከጓደኛው ፍላሽ ይቀዳል፤ ጓደኛው ከሌላ ግቢ ቀድቶት ይሆናል፤ በፍላሹ ላይ የአራት ዓመት ልዩነት ያላቸው ጥቅሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ለዚህኛው የኡቡንቱ ሥሪት፣ ሌላው ለቀድሞው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከማንኛውም ሥርጭት ውጪ በግለሰብ የተዘጋጀ ነው። የኔትወርክ ክፍያ ለሚከብደውና መብራት ለሚቈራረጥበት ሰው ፍላሽ ብልህ መፍትሔ ነውና ተማሪውን አንወቅሰውም። ስለ መብራት ካነሣን ዲፒኬጂን ማመስገን ተገቢ ነው። አዲሱን ፋይል በጊዜያዊ ስም ጎን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው ከአሮጌው ጋር ስም የሚያለዋውጠው፤ ሥራው መሐል ላይ ቢቋረጥ ካቆመበት ሊነሣ የሚችለውም ለዚህ ነው። መብራት ኃይልን አስበው የሠሩት ባይሆኑም ጠቅሞናል።

ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። ተማሪው የመመረቂያ ጥናቱን የሚሠራው በአንድ ጠጣር ቁስ ውስጥ ስላለው የአተሞች ንዝረት ነው። የሚጠቀምበት ፕሮግራም ኳንተም ኤስፕሬሶ ይባላል (ስሙ ካዛንቺስ ውስጥ ብዙ ቀልድ አስነሥቷል)። ይህን መሰል ፕሮግራም አብዛኛውን የማትሪክስ ስሌት ራሱ አይሠራውም፤ ብላስ በሚባል ስም ለሚጠሩ የቍጥር ላይብረሪዎች ያስረክባል። ተማሪው ከሥርጭቱ ጋር የመጣውን ኦፕንብላስ የተባለ ላይብረሪ ሲጠቀም ቆይቶ፣ በታኅሣሥ ወር «ይህኛው ይፈጥናል» ተብሎ በፍላሽ የተሰጠውን ሌላ ጥቅል ጫነ። ጥቅሉ በአገር ውስጥ ባለ በአንድ ሌላ ተቋም የሚገኝ ትጉህ ተማሪ ያዘጋጀው ሲሆን፣ የያዘው ፋይል በስምም በቦታም ከሥርጭቱ ፋይል ጋር አንድ ነው። በመግለጫው ላይ ስለ መተካት የተጻፈ አንዳች ነገር የለም። ዲፒኬጂ እምቢ አለ። ተማሪው ከኢንተርኔት ባገኘው ምክር መሠረት በግድ ጫነው። ፕሮግራሙም ሠራ፣ ፈጠነም፤ ነገሩ ተረሳ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የየካቲቱ እምቢታ የታኅሣሡ እምቢታ ቀሪ ሒሳብ ነበር።

ታዲያ ፕሮግራሙ ከሠራ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው? ኮምፒውተር አሥርዮሽ ቍጥሮችን የሚይዘው በተወሰኑ አሃዞች ነው፤ በተለመደው ድርብ ትክክለኝነት ወደ 16 የሚጠጉ አሃዞች። ስለዚህ በእያንዳንዱ ድምር ጥቂት ይቈረጣል። በወረቀት ላይ ሀ እና ለን ደምሮ ሐን መጨመር፣ ለ እና ሐን ደምሮ ሀን ከመጨመር ጋር አንድ ነው፤ በማሽን ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ፈጣን ላይብረሪ የሚፈጥነው የድምሩን ቅደም ተከተል ለፕሮሰሰሩ እንዲመች አድርጎ በማዘዋወር በመሆኑ፣ ሁለት ትክክለኛ ላይብረሪዎች በመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለያዩ ይችላሉ። ለብዙ ሥራ ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። የንዝረት ጥናት ግን እጅግ ተቀራራቢ በሆኑ ኃይሎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚፈልግ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ቍጥሮች ሲቀናነሱ የጋራ አሃዞቻቸው ይጠፉና የሚቀረው ያው ጅራቱ ነው። ተማሪው ከታኅሣሥ በፊት ያሰላውንና ከታኅሣሥ በኋላ ያሰላውን በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብቶ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ ከርሟል። ከቍጥሮቹ አንዱም በራሱ ስህተት ላይሆን ይችላል። ችግሩ የትኛው ቍጥር በየትኛው ላይብረሪ እንደ ተሰላ መናገር አለመቻሉ ነው። ይህን መናገር የማይችል ሰው መለኪያ መሣሪያውን እንደማያውቅ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ ፈታኝ ፊት ሊቀርብም አይችልም።

ያዳነን መዝገቡ ነው። ዲፒኬጂ ከባለቤትነት መዝገቡ ሌላ የዕለት ማስታወሻም ይጽፋል፤ የትኛው ጥቅል በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደ ተተከለ ከዚያ ላይ ይገኛል። ተማሪው ውጤቶቹን በፍላሽ ሲያመላልስ የፋይሎቹ ቀን ተለውጦ ነበር፤ ደግነቱ ኳንተም ኤስፕሬሶ ሥራ የጀመረበትን ቀን በእያንዳንዱ የውጤት ፋይል ራስ ላይ ይጽፋል። የክፍሉ ባለቤት አንዱን፣ ተማሪው ሌላውን እያነበቡ፣ እኛ በወረቀት ላይ እየጻፍን፣ እስኪመሽ ሁለቱን አስተያየን። ከሠንጠረዡ 23 መስመሮች 9ኙ ከታኅሣሥ በኋላ የተሠሩ ሆነው ተገኙ። ዘጠኙን እንደገና ለማስላት አምስት ሳምንት ፈጅቶበታል። ማስታወሻው ባይኖር ሁሉንም መድገም ነበረበት።

እንግዲህ ሁለት ጥቅሎች አንድን ፋይል ሲፈልጉ ከማስገደድ በቀር ምን ማድረግ ይቻላል? ስለ ብላስ የዴቢያን ሰዎች ያገኙት መላ ውብ ነው። የተለያዩት ላይብረሪዎች አንድ የጋራ ስም ላይ መጣላታቸውን ተዉና እያንዳንዱ ፋይሉን በየራሱ ማኅደር ያኖራል፤ በጋራው ስም የሚቀመጠው ወደ አንዳቸው የሚያመለክት ምልክት ብቻ ነው። ተጠቃሚው በአንዲት ትእዛዝ ምልክቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞራል፤ በየትኛው እየሠራ እንደሆነም በሌላ ትእዛዝ ይጠይቃል። ማንም ማንንም አላጠፋም። የፍላሹ ጥቅል አዘጋጅ ይህን መንገድ ቢከተል ኖሮ የእኛ ተማሪ ሁለቱንም ላይብረሪዎች እያፈራረቀ ሊያነጻጽር፣ ልዩነቱንም በጥናቱ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሊያደርገው ይችል ነበር።

ሁለቱ ባላንጣዎች በሥራቸው ፈጽሞ የማይገናኙ ሲሆኑ ግን ይህ አያዋጣም። በዴቢያን የታወቀው ምሳሌ «ኖድ» የሚለው ስም ነው። ለብዙ ዓመታት ይህ ስም የአማተር ሬዲዮ ተጠቃሚዎች የአንድ አነስተኛ ፕሮግራም ስም ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 የተወለደው ኖድጄኤስ በዓለም ላይ ገነነና ያንኑ ስም ፈለገ። የዴቢያን ደንብ ደግሞ ሥራቸው የተለያየ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ስም እንዳይጠሩ ይከለክላል፤ መስማማት ካልቻሉም ሁለቱም ስማቸውን እንዲለውጡ ያዝዛል። ክርክሩ እስከ ቴክኒክ ኮሚቴው ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2012 ውሳኔ አገኘ። ግዙፉ በጥቂት የሬዲዮ አፍቃሪዎች ላይ በጉልበቱ አልተራመደም፤ ስሙን ያገኘው ከዓመታት በኋላ ቦታው በወጉ ሲለቀቅ ነው። ብዙ ሚሊዮን ተጠቃሚ ያለውና ጥቂት ሰው የሚያውቀው በአንድ ደንብ ሲዳኙ ማየት ደስ ያሰኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚያመልጥ ሥር ነቀል መንገድም አለ። ኤልኮ ዶልስትራ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት የተብራራው ኒክስ፣ እያንዳንዱን ሥሪት ለብቻው በተለየ ማኅደር ስለሚያኖር ፋይል ከፋይል ጋር የሚጋጭበት ምክንያት የለም። ፕሮግራሙን ከሚያስፈልጉት ሁሉ ጋር በአንድ ሣጥን አሽጎ የሚያቀርበው የቅርብ ጊዜ ልማድም ዘመዱ ነው። ለሳይንስ ስሌት ኒክስን እናደንቀዋለን። ነገር ግን ብዙ የዲስክ ቦታና ብዙ ዳውንሎድ ይጠይቃል፤ በሰዓት ሒሳብ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ተማሪ ዛሬ የምንመክረው አይደለም።

በአንድ ቦታ ላይ የመጣላት ነገር ለኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ አዲስ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ከዩኒኮድ በፊት የነበረው የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር ታሪክ ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቃቸው የፊደል ቁጥሮች 256 ብቻ፣ የእኛ ሆሄያት ከነእርባታቸው ከዚያ በላይ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪና ሌሎችም እያንዳንዳቸው በራሳቸው ብልሃት ሆሄያቱን በእነዚያው ቍጥሮች ላይ ደለደሏቸው። በአንዱ «ሰ» የተቀመጠበት ቍጥር በሌላው ሌላ ሆሄ ነው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ምን ይመስል እንደ ነበር በዚያ ዘመን ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቃል። መፍትሔው የመጣው አንዱ ሌላውን አሸንፎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ሥሪት ከ340 በላይ ለሚሆኑ የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች ለእያንዳንዱ የራሱን ቍጥር ሲሰጥ ነው። በአሮጌው መንገድ የተጻፉ ሰነዶች ግን በየመሥሪያ ቤቱ ዲስክ ላይ ዛሬም አሉ፤ በየትኛው ፕሮግራም እንደ ተጻፉ ያልተመዘገበላቸውን ለማንበብ መጀመሪያ መገመት ያስፈልጋል።

መዝገብ መኖሩ ብቻውንም አይበቃም። ካዛንቺስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ስሟ የመጣው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለ የኢጣሊያ ድርጅት ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች። ከዚያ ወዲህ ያው ቤት በደርግ ዘመን ከፍተኛና ቀበሌ፣ ከ1995 ዓ.ም. በኋላ ቂርቆስ ክፍለ ከተማና ቀበሌ፣ ኋላም ቂርቆስ ክፍለ ከተማና ወረዳ እየተባለ ተመዘገበ። በአሮጌ ውል ላይ ያለውን አድራሻና በአዲሱ ላይ ያለውን ብቻ የሚያይ ጸሐፊ ሁለት ቤት ነው ሊል ይችላል። መሬቱን የረገጠ ሰው ግን አንድ ቤት መሆኑን ያውቃል።

ዴቢያንን ለዓመታት ያስቸገረው ትልቁ የፋይል ጣጣ ይኸው ነው። በዩኒክስ የልጅነት ዘመን፣ የመጀመሪያው ዲስክ ስለ ሞላ፣ ፕሮግራሞች በሁለት ማኅደሮች ተከፍለው ነበር፤ አንዱ በሥሩ ላይ ያለው ቢን፣ ሌላው ዩኤስአር በሚባለው ሥር ያለው ቢን። ዲስክ ሲሰፋ ክፍፍሉ ትርጉም ስላጣ ፌዶራ እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ዴቢያንም ተከተለ፤ አሮጌው ማኅደር ወደ አዲሱ የሚያመለክት ምልክት ብቻ ሆነ። ዲፒኬጂ ግን ሁለቱ ስሞች አንድ ቦታ መሆናቸውን አያውቅም። አንድ ፋይል በአሮጌው አድራሻ ከአንደኛው ጥቅል ወጥቶ በአዲሱ አድራሻ ወደ ሌላ ጥቅል ቢዛወር፣ ዲፒኬጂ ግጭት መኖሩን አያይም፤ እምቢም አይልም። አዲሱን ይተክላል፣ ከዚያም የቀድሞውን ጥቅል ሲያድስ «ይህ አሮጌ ፋይል ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብሎ በአሮጌው አድራሻ ሄዶ ያጠፋዋል። የጠፋው ግን አሁን የተተከለው ነው። ለዚህ ሲባል ፋይሎችን በጥቅሎች መካከል ማዘዋወር ለተወሰነ ጊዜ ተከልክሎ፣ ጥቅሎቹ አንድ በአንድ ተመርምረው፣ ሥራው የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 13ኛው የዴቢያን ሥሪት ነው። ይህን ስናነብ የካዛንቺሱን እምቢታ በሌላ ዓይን አየነው። እምቢ ያለ ማሽን ቢያንስ ነገሩን አይቶታል።

አንድ የሥራ ባልደረባችን በዚህ ጉዳይ አይስማማንም። «የፊዚክስ ተማሪ ፕሮግራመር አይደለም፤ ጊዜውም ኢንተርኔቱም የለውም፤ በግድ ጭኖ ሥራውን ይቀጥል» ይለናል። አነጋገሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። እኛም በውጭ አገር የዶክትሬት ጥናታችንን ስናካሂድ ስለ ጥቅል አንዳች ሳናውቅ ኖረናል። ይህ የሆነው ግን ጠቃሚ ስላልነበረ ሳይሆን፣ ከክፍላችን በታች ባለው ፎቅ አንድ ባለሙያ ተቀምጦ የሁላችንንም ማሽን መዝገብ ስለሚጠብቅልን ነበር። አገራችን ስንመለስ ያ ሰው አብሮን አልመጣም። እዚህ ተማሪው ተመራማሪም፣ የማሽኑ ጠባቂም ራሱ ነው። ይህ እንዲህ ሆኖ ሳለ በየላብራቶሪው በሚሠራጩ መመሪያዎች ውስጥ «እምቢ ቢል በግድ ጫን» የሚል መስመር ሲገለበጥ እናያለን። እኛ ራሳችን ከዓመታት በፊት ባዘጋጀነው አንድ መመሪያ ውስጥ ይኸው መስመር ነበረ፤ ዛሬ ስናነበው እናፍራለን።

በምትኩ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። «ይህ ፋይል የማን ነው?» ብሎ ዲፒኬጂን መጠየቅ የአንድ መስመር ትእዛዝ ሲሆን ኢንተርኔት አይፈልግም። መልሱ የሥርጭቱን ጥቅል የሚጠቅስ ከሆነ ከውጭ የመጣውን ትቶ ማሰብ ይቻላል። መልሱ ከውጭ የመጣውን የሚጠቅስ ከሆነ ያንን አንሥቶ የሥርጭቱን መመለስ ይቻላል። የላይብረሪውን ስምና ሥሪት ከውጤቱ ጋር አብሮ መጻፍም ሙቀትና ግፊት ከመመዝገብ አይከብድም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው፣ በእኛ ዘንድ ብዙም ያልተለመደው ነገር፣ ጥቅሉን ለሠራው ሰው መጻፍ ነው። የስሌት ፊዚክስ ትምህርታችን ለዚህ አንድ ሳምንት ቢሰጥ፣ ተማሪው ሆን ተብሎ የተጋጩ ሁለት ጥቅሎች ተሰጥተውት መፍትሔውንና ለአዘጋጁ የሚላከውን ደብዳቤ ጽፎ እንዲያስረክብ ቢደረግ፣ ከሥርዓተ ትምህርቱ ላይ የሚጎድል ነገር አይታየንም። ባለፉት ዓመታት በራሳችን ኮርስ ይህንኑ እያደረግን ነው፤ ተማሪዎቹ ከጥቅሉ ይልቅ ደብዳቤው ይከብዳቸዋል።

ያች የካዛንቺስ ክፍል ዛሬ የለችም። በ2017 ዓ.ም. ሠፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ቤቷም ተነሥታለች፤ ባለቤቱ ኮምፒውተሮቹን ይዞ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። ያን ቅዳሜ ግን ከመለያየታችን በፊት ተማሪው እዚያው ተቀምጦ ለፍላሹ ጥቅል አዘጋጅ ደብዳቤ ጻፈ። የተጋጨውን ፋይል ስም፣ የሁለቱን ጥቅሎች ሥሪት፣ መሣሪያው ያለውን ቃል በቃል አሰፈረ። መልሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። አዘጋጁ ጥቅሉን ከአርባ በላይ ሰዎች በፍላሽ እንደ ወሰዱት፣ አንዱም ግን እምቢ አለኝ ብሎ እንዳልነገረው ጽፎ፣ ፋይሉን ወደ ራሱ ማኅደር ያዛወረበትን አዲስ ሥሪት አባሪ አድርጎ ልኮ ነበር።